በሦስት ቀን አንዴ

ሚትራ ባለሙያ መናቅ የጀመረችው ገና በሃያ ዓመቷ፣ በስትሩሚጻ ሜዳ በነበረው የመንግሥት እርሻ የቃሪያ ችግኝ ስታጠጣ ነው። በየዓመቱ ከከተማ አንድ አዲስ ሰው ይላክ ነበር። ጫማውን ጭቃ እንዳይነካው በሳንቃ ላይ እየተራመደ፣ ቃሪያ መሃል ተወልደው ቃሪያ መሃል ላደጉ ሴቶች ቃሪያ እንዴት እንደሚያድግ ያስተምራል፤ ለቀማ ሲደርስ ደግሞ ይጠፋል። ሚትራ እንዲህ ያሉ አሥራ አንድ ሰዎች አሳልፋለች። ስማቸው ጠፍቶባታል። የምታስታውሳቸው በየጥፋታቸው ነው፤ ቲማቲሙን በውርጭ ያስፈጀው፣ ቧንቧ መዝጋት የማያውቀው፣ ንብ አይቶ የሮጠው።

እርሻው ሲፈርስ ብዙዎቹ ሴቶች አለቀሱ። እሷ ግን «ቢያንስ ከነዚያ ተገላገልን» ብላ ወደ ቤቷ ሄደች።

አልተገላገለችም። ሃምሳ ሰባት ዓመት ሲሞላት፣ በሲሚንቶና በብረት ንግድ የከበረ ስላቭቾ የሚባል የመንደሩ ልጅ በድሮው እርሻ ቦታ ላይ ትልቅ ግሪን ሃውስ አቆመ። ቃሪያ ሊተክልበት አልነበረም። ለመድኃኒት የሚሆን እፀ ፋሪስ ነው፤ ፈቃዱ ከመንግሥት፣ ገዢው ከውጭ አገር። ዙሪያውን በሽቦ አጠረ፣ በየማዕዘኑ ካሜራ ሰቀለ። ልጁ በጓሮው ሦስት እግር እፀ ፋሪስ ተክሎ ፖሊስ የወሰደበት ጎረቤት የበር ጥበቃ ሆኖ ተቀጠረ። ትናንት የተክሉን ስም ሲሰሙ ያማትቡ የነበሩ ሴቶች ነጭ ጋዋን ለብሰው፣ ፀጉራቸውን በመረብ ሸፍነው ገቡ። ሚትራም ገባች። አጠጪ ተፈለገ ሲባል በዚያ ሜዳ ከእሷ ሌላ ማን ይጠራል?

በመጀመሪያው ቀን ዳሚያንን አየችው። የሠላሳ ዓመት ሰው፣ የዋና ከተማው የስኮፕዬ የጥርስ ሐኪም ልጅ፤ ውጭ አገር ሁለት ዓመት ይህንኑ ተክል በአፈር ላይ ሲያበቅል ቆይቶ የመጣ። ደረቱ ላይ «ዋና አብቃይ» የሚል ታርጋ ለጥፏል። ጫማው ነጭ ነበር። ሚትራ ከጫማው እስከ ታርጋው፣ ከታርጋው እስከ ጫማው አየችውና ከንፈሯን መጠጠች።

«ምነው እትዬ?» አለቻት ጎኗ የቆመችው ሌንቼ። ከሚትራ ጋር በድሮው እርሻ አብራ የሠራች፣ የሆዷን ሁሉ የምትነግራት ጓደኛዋ።

«ምንም። መድኃኒት ቤት የገባሁ መስሎኝ ነው።»

ዳሚያን ሴቶቹን ሰብስቦ ስለ ኮኮናት ቃጫ አስረዳ። ከሩቅ አገር በጡብ መልክ ተጨምቆ የመጣ ነገር ነው፤ ውሃ ውስጥ ሲነከር ያብጥና እንደ ፈረሰ አፈር ይሆናል። ተክሉ በመሬት ላይ ሳይሆን በዚህ ቃጫ በተሞላ ጥቁር ባልዲ ውስጥ ይቆማል። ሚትራ አንድ እፍኝ አነሳች፣ ጨመቀችው፣ አሸተተችው።

«አማቴ ፍራሽ የምትሞላው በዚህ ነበር» አለች፤ ሴቶቹ ሳቁ።

«እትዬ ሚትራ፣ ይሄ በዓለም ላይ የተመሰከረለት ነው» አላት ዳሚያን።

«እሷም የተመሰከረላት ነበረች። ወገቧ ግን ተሰበረ።»

እንግዲህ እዚህ ላይ ሚትራ ለማንም ያልተናገረችው አንድ ነገር ሆነ። ችግኞቹ ገና ጣት የማያህሉ ነበሩ፣ ቅጠላቸው ሁለት ሁለት። ዳሚያን ማጠጣቱን ለእሷ ትቶላት የመብራት ሠራተኞችን ሊያዝ ሄደ። እሷም የለመደችውን አደረገች። የቃሪያ ችግኝ በቀን ሦስቴ እንደሚጠጣ ታውቃለች፣ እነዚህንም በቀን ሦስቴ አጠጣቻቸው። ቃጫው ግን ውሃውን ይዞ ተቀመጠ፤ ትንንሾቹ ሥሮች የሚጠጡት ከሚተኙበት ያነሰ ነበርና በአሥረኛው ቀን አንገታቸው እየቀጠነ፣ እየጠቆረ፣ ወደ ጎን ይዘነበሉ ጀመር። ወደ መቶ የሚጠጉ ሞቱ።

ዳሚያን አንዱን ነቅሎ ሥሩን አየ፣ አሸተተ። «በስብሷል። ውሃ በዝቶበታል» አለ። እውነቱን ነበር። ሚትራ ጎማዋን ይዛ አጠገቡ ቆማ ሳለ ለምን እንደሆነ አልጠየቃትም፣ እሷም አልነገረችውም። ሆድ ይፍጀው አለች። በማግሥቱ በየበሩ ላይ ላስቲክ የተለበሰ ወረቀት ተለጠፈ፤ ትልልቅ ፊደል፤ «ውሃ፦ በሦስት ቀን አንዴ። ሌላ ጊዜ ማጠጣት ክልክል ነው።»

ወረቀቱን እንዳየች ሚትራ የራሷን ጥፋት ረሳች። ወይም ረሳሁ አለች። ወረቀት ሲለጠፍ ደሟ ይፈላል።

መጀመሪያ ላይ ወረቀቱ አልጎዳም፤ የተረፉት ችግኞች ቆሙ። ወር ካለፈ በኋላ ግን ተክሎቹ ጉልበት ደረሱ፣ ቅጠላቸው እንደ እጅ መዳፍ ሰፋ፣ ሥራቸው ባልዲውን ሞላ፤ ወረቀቱ ግን ያው ነው፣ በሦስት ቀን አንዴ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ላይ ቅጠሎቹ እንደ ደከመ ሰው እጅ ወደ ታች ይወድቃሉ። ጠርዛቸው እየተጠበሰ፣ እንደ ትንባሆ ቡናማ እየሆነ መጣ። ዳሚያን በሞባይሉ ፎቶ አነሳ፣ ለሆነ ሰው ላከ፣ መልስ መጣለት፣ ራሱን ነቀነቀ።

«አሁንም ውሃው በዝቶ ነው። በአራት ቀን አንዴ እናድርገው።»

ሚትራ አንድ ባልዲ በሁለት እጇ አነሳች። ላባ ነበር። የሚቀጥለውን አነሳች። እሱም ላባ። አጠጪ በተባለችበት ቀን ደግሞ ውሃ አፈሰሰችና ከባልዲው ሥር የወጣውን በእፍኟ ተቀብላ ቀመሰችው።

ዳሚያን ከወዲያኛው ረድፍ እየሮጠ መጣ። «እትዬ ሚትራ! ምን እያደረጉ ነው? እሱ ማዳበሪያ አለበት እኮ! ይትፉት!»

ተፋችው፤ ከነጭ ጫማው አንድ ጣት ፈቀቅ ብሎ አረፈ።

«ጨው ነው» አለች።

«እንዴት ጨው?»

«እንዴት ነው እንዴ የምትለኝ? አንተ አይደለህ ማዳበሪያውን ውሃ ውስጥ የምትበጠብጠው? ውሃው ይጠጣል፣ ይተናል። ጨውህ የት ይሄዳል? እዚያው ቃጫው ላይ ይቀመጣል። በአራተኛው ቀን በላዩ ላይ ሌላ ትጨምርበታለህ። ባሕር እያጠጣሃቸው ነው ልጄ።»

«አፈር ላይ እኮ—»

«አፈር የታለ? አፈር ካየህ አሳየኝ። አፈር ጓዳ አለው፣ የሆነ ነገር ደብቆ ያቆያል። ይሄ ፍራሽ ምን አለው? ያልሰጠኸውን ከየት ያመጣል? ትንሽ ትንሽ እየሰጡ፣ ከሥር እስኪንጠባጠብ፣ ጨዉ ተጠርጎ እስኪወጣ፣ በየቀኑ። ሲያድግ ደግሞ በቀን ሁለቴ። ሲሞቅ ሦስቴ።»

«ይሄ ሁሉ ከየት የመጣ ነው?»

«ከባልዲው። አንሳው እስቲ።»

አላነሳውም። ፊቱ ፍም መሰለ። «እትዬ፣ እኔ አከብርዎታለሁ። ግን ወረቀቱ ወረቀት ነው» ብሎ ሄደ። ሚትራ አፍንጫዋን ነፋች፤ ንጹሕ ንቀት ነበር፣ ያለ ምንም ቅይጥ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚትራና ሌንቼ ሴራ ገቡ። ከትልቁ አየር ማራገቢያ ጀርባ፣ ካሜራ የማያየው አንድ ጠረጴዛ ነበር፤ በላዩ አርባ ባልዲ ተደርድሯል። ሚትራ በየማለዳው ቀደም ብላ ትገባለች፣ ሌንቼ በር ላይ ቡሬኳን፣ አይብ የተሞላ ቂጣዋን፣ እየበላች ትጠብቃለች። መጀመሪያ ለሦስት ቀን በቀጭኑ በተበጠበጠ ውሃ ጨዉን አጠበችው፤ ከሥር የሚወጣውን እየቀመሰች፣ ምላሷን መንከሱን እስኪተው ድረስ። ከዚያ በየቀኑ ጠዋት አንዴ። ሳምንት ሲሞላው እኩለ ቀን ላይም ጨመረች፣ ዳሚያን ለምሳ ሲወጣ።

«ቢይዙንስ?» አለቻት ሌንቼ።

«በምን? ውሃ አጠጪ ውሃ አጠጣች ብለው?»

በሁለት ሳምንት ውስጥ ያ ጠረጴዛ ከሌላው ተለየ። ሌላው ቤት ሙሉ እንደ ተጠበሰ ጎመን ተንጠልጥሎ ሳለ እነዚያ አርባዎቹ ቅጠላቸውን ወደ ላይ ቀስረው፣ ጥቁር አረንጓዴ ሆነው፣ ከጎረቤቶቻቸው በክንድ በልጠው ቆሙ። ዳሚያን ሲያያቸው ቀጥ ብሎ ቀረ። ሚትራ ከጀርባው ሆና አሁን ይጠይቀኛል ብላ ጠበቀች። አልጠየቃትም። በሞባይሉ ፎቶ አነሳና ፈገግ እያለ ሄደ።

ምክንያቱ የታወቀው ሐሙስ ዕለት ነው። ስላቭቾ ሁለት የጀርመን ገዢዎችና አንዲት አስተርጓሚ ይዞ መጣ። ሴቶቹ ጋዝዳ ነው የሚሉት፣ አለቃቸው ስለሆነ፤ ሚትራ ግን አፍንጫው ሲንጠባጠብ ስለምታውቀው ስላቭቾ ነው የምትለው። እንግዶቹ የደረቀውን ሁሉ እያዩ ፊታቸው እየጠቆረ ሄዶ አርባዎቹ ጋ ሲደርሱ ፈካ።

ዳሚያን ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «ይሄ የሙከራ ጠረጴዛዬ ነው» አለ። «ቅጠሉ ላይ የሚረጭ ልዩ ቅመም እየሞከርኩ ነው። ውጤቱን እያያችሁት ነው።»

ሴቶቹ ሁሉ ወደ ሚትራ ዞሩ። ሌንቼ የጋዋኗን ጫፍ ያዘቻት፤ ዘገየች።

«ቅመም?» አለች ሚትራ። ጮክ ብላ አልነበረም፣ ግን ማራገቢያው እንኳ ዝም ያለ መሰለ። «የምን ቅመም ነው እሱ? ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋትና ቀን ውሃ ያጠጣሁት እኔ ነኝ። አንተ ረጨሁት የምትለውን ሽቶ ለእናትህ ውሰድላት። ስላቭቾ፣ ና ይሄን ባልዲ አንሳ። አሁን ደግሞ ያኛውን አንሳ። ከባድና ቀላል መለየት ታውቃለህ አይደል፣ ሲሚንቶ ሸጠሃል።»

አስተርጓሚዋ አፏን ከፍታ ቀረች። ከጀርመኖቹ አንዱ «ምን አሉ?» አላት መሰል፤ እሷም የሆነ አጭር ነገር ብላ ዘለለችው። ስላቭቾ በእንግዶች ፊት ተዋረደ። ባልዲም አላነሳ። ጥርሱን ነክሶ፣ «እትዬ ሚትራ፣ ክልክል መሆኑን እያወቁ ነው ያጠጡት?» አላት።

«አዎ።»

«እንግዲያው ቤትዎ ይሂዱ። ነገም አይምጡ።»

ጋዋኗን አውልቃ አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፣ የፀጉር መረቡን ከላይ። ስትወጣ ወደ ማንም ዞር አላለችም።

ባሏ ቫንቾ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ሁሉን ነገር ሰምቶ ሲጨርስ፣ «ደግ አድርገሻል» አላት፤ ቀጥሎም «ግን እናቱን ማንሳት ነበረብሽ?» አለ።

«ሽቶው ለሴት ነው ብዬ ነው።»

ዘጠኝ ቀን ቤቷ ተቀመጠች። ጓሮዋን ኮተኮተች፣ ያልቆሸሸ መጋረጃ አጠበች፣ ቫንቾን ያለጥፋቱ ተቆጣች። ሌንቼ በየማታው ብቅ እያለች ወሬ ታመጣላት ነበር። አርባዎቹም ወደ ወረቀቱ ተመልሰው በአራተኛው ቀን እንደ ሌሎቹ ወደቁ። ዳሚያን ቅመሙን ረጨ፣ ደግሞ ረጨ፤ ቅጠሎቹ በላዩ ነጠብጣብ አወጡ። በስድስተኛው ቀን ሁለት መቶ ባልዲ ወደ መጣያ ሄደ።

«ደስ ይበልሽ» አለቻት ሌንቼ።

ሚትራ ደስ ሊላት ሞከረች። ዳሚያንን እያሰበች ከሆነ ደስ ይላታል፤ ባልዲዎቹን ካሰበች ግን ተነስታ የኮተኮተችውን ጓሮ ደግማ ትኮተኩታለች። ተክል ምን አጠፋ?

በአሥረኛው ቀን ስላቭቾ በመኪናው መጣ። ቫንቾ ራኪያ፣ የቤት አረቄውን፣ ቀዳለት። አልቀመሰውም።

«እትዬ ሚትራ፣ ይመለሱ» አላት። «ጥፋቱ የእኔ ነው። በእንግዳ ፊት ስለሆነ እንጂ…»

«ባልዲውን አንስተህ ነበር?»

«አነሳሁት። በኋላ፣ ሰው ሲሄድ።»

«እና?»

«ባዶ ነው። ሁሉም ባዶ ነው።»

ደሞዝ እጨምራለሁ ሊል ሲጀምር በእጇ ከለከለችው። «ወረቀቶቹን ሁሉ ታስነሳለህ። ያ ልጅም አይባረርም።»

ስላቭቾ ግራ ገባው። ቫንቾም ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ለምን አይባረርም?» አለ ስላቭቾ።

«ከተባረረ ሌላ ቦታ ሄዶ ሌላ ወረቀት ይለጥፋል። ነገ ጠዋት ከእኔ ጋር የቀሩትን ስድስት መቶ ባልዲዎች አንድ በአንድ ያነሳል። በእጁ።»

እንደተባለው ሆነ። ዳሚያን በማግሥቱ ጠዋት በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ቂም እንዳለበት ከአቋቋሙ ያስታውቃል። ሚትራ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠው ወደ መጀመሪያው ረድፍ ወሰደችው።

«አንሳ። ምን ይመስላል?»

«ቀላል።»

«አጠጣው። ከሥር እስኪንጠባጠብ። አሁን አንሳ። ምን ይመስላል?»

«ከባድ።»

«ዩኒቨርሲቲ ገብተሃል አይደል? እነዚህን ሁለት ቃላት ለመልቀም ስንት ዓመት ፈጀብህ?»

እያፌዘችበት እስከ ምሳ ድረስ ሄዱ። ጣቱ ያልጠነከረ፣ ወገቡ የማይታጠፍ፣ ጫማው ለሠርግ የተገዛ ነው አለችው። እሱ ጥርሱን ነክሶ ያነሳል፣ ያጠጣል፣ ያነሳል። ሦስት መቶ ሲያልፉ ነጩ ጫማ ነጭ አልነበረም። አራት መቶ ሲደርሱ ሚትራ ሳትነግረው ባልዲውን በአንድ ጣት ገፋ አድርጎ ብቻ «ይሄ እስከ ነገ ይቆያል» አለ። ልክ ነበር። ስድብ አፏ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ትንንሾቹ ችግኞች ያሉበት ጥግ ደረሱ፤ አዲስ የተዘሩ ናቸው። ዳሚያን ጎማውን አነሳ።

«እነዚህን ተው» አለችው። «ገና ሥር የላቸውም። ዙሪያውን ትንሽ ብቻ አርሰው፣ ባልዲው እስኪቀል ጠብቅ። አለበለዚያ አንገታቸው ይበሰብሳል።»

«በመጀመሪያ ጊዜ እንደሆነው?»

ሚትራ እጇን ጋዋኗ ላይ ጠረገች። ብዙ ጠረገች።

«እነዚያን የገደልኳቸው እኔ ነኝ» አለች። «እንደ ቃሪያ በቀን ሦስቴ አጠጣኋቸው።»

ዳሚያን ጎማውን ለቀቀው። ውሃው መሬት ላይ ይፈስ ጀመር። «እኔ እኮ ወረቀቱን የጻፍኩት በእነሱ ምክንያት ነው!»

«አውቃለሁ።»

«ሁለት ወር ሙሉ እያወቁ? በሰው ፊት ሽቶ፣ እናትህ፣ ምናምን እያሉ…»

«አውቃለሁ አልኩህ። ውሃውን ዝጋ፣ ባከነ።»

ዘጋው። ሚትራም በልቧ፣ አሁን ሄዶ ለስላቭቾ ይነግረዋል ብላ ጠበቀች፤ እሷ ብትሆን ታደርገው ነበርና። ቀኑ አለቀ፣ አልነገረውም። ሳምንት አለፈ፣ አልነገረውም። ይሄ ነገር ለሚትራ ከበዳት። አንድን ሰው በደንብ ንቀው ከጨረሱ በኋላ እንዲህ ያለ ነገር ሲያደርግ የት ያስቀምጡታል? ለሌንቼ ነገረቻት፤ ሌንቼም «ከእኛ ይሻላል ማለት ነው» ብላ ቡሬኳን መብላት ቀጠለች። ሚትራ ያን ዕለት ሌንቼንም ተቆጣቻት።

በመስከረም አጨዱ። ሁለት መቶ ባልዲ ቢጎድልም የተረፈው ያማረ ነበር፤ ገዢዎቹም ወሰዱት። ከከተማ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ መጣች፣ ካሜራ ከያዘ ሰው ጋር። ዳሚያንን ጠየቀችው፤ እሱ ደግሞ በአገጩ ወደ ሚትራ ጠቆመ። «ውሃው የእሳቸው ነው። እሳቸውን ጠይቂ።»

ጋዜጠኛዋ ድምፅ ማጉያውን ወደ ሚትራ አፍ አስጠጋች። «እናቴ፣ በቀን ስንት ጊዜ ነው የሚያጠጡት?»

«ልጅ አለሽ?»

«አዎ፣ የአምስት ወር።»

«በቀን ስንቴ ነው ጡት የምትሰጪው?»

«እ… እንደ ሁኔታው ነዋ።»

«በይ እሱን ጻፊ።»

«አይ፣ ተመልካቾቻችን ቁጥር ይፈልጋሉ።»

«ተመልካቾችሽ ሥራ ይፈልጉ» አለች ሚትራና ካሜራ የያዘውን ሰውዬ ገፋ አደረገችው፤ ጎማዋን ረግጦ ቆሞ ነበር።

ማታ በዜና ሰዓት ሚትራና ቫንቾ ባቄላቸውን እየበሉ ተመለከቱ። እሷ አልታየችም። ዳሚያንም አልታየም። የታየው ስላቭቾ ነበር፤ ከረቫት አስሮ፣ በአርባዎቹ ጠረጴዛ ፊት ቆሞ፣ «ሁሉንም ነገር የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር ነው፤ የሰው እጅ አይገባበትም» ይላል። ቫንቾ ማንኪያውን አፉ ውስጥ እንደያዘ ሳቀ፣ ትን አለው፣ ጀርባውን መታ መታ አደረገችው።

ስልኳ ጮኸ። ዳሚያን ነበር። «እትዬ ሚትራ፣ አዩት?»

«አየሁት።»

«ኮምፒውተር!»

«አንተና ኮምፒውተር ተምታታችሁበት ይሆናል። ሁለታችሁም ካልተነካችሁ አትሠሩም።»

ሲስቅ ሰማችው። ከዚያ ድምፁ ረጋ አለና፣ «ነገ ሙቀት ነው ይላሉ። በሦስት ሰዓት ነው ወይስ ቀደም ብለን እንጀምር? አዲሶቹ ሥራቸው ጠንክሯል» አላት።

«በአንድ ሰዓት ና» አለችው። «ሌላ ጫማ አድርገህ።»

ዘጋችው። ቫንቾ ከትንታው ሲመለስ የአየር ሁኔታው ዜና አልፎበት ስለነበር አኩርፎ ጠበቃት፣ እሷ ግን ሳህኖቹን አንስታ ወጥ ቤት ገብታ ነበር።